ሙቀት የማይናገረው ጨረርና መለኪያው

የድሬዳዋ ሰው ኑሮውን ከፀሐይ ጋር አስማምቶ የያዘ ነው። ጉዳዩን በጠዋት ይጨርሳል፣ ከምሳ በኋላ በሩን ገርበብ አድርጎ ያርፋል፣ አየሩ ሲበርድ ተመልሶ ይወጣል። በከዚራም ሆነ በመጋላ ሰፈር ከቀትር በኋላ ብዙ ሱቅ ተዘግቶ የሚቆየው፣ ከተማዋም ምሽት ላይ ይበልጥ ነፍስ የምትዘራው ለዚሁ ነው። ልማዱን የሠራው ሙቀት ነው። ሙቀትን ደግሞ ማንም በገላው ስለሚያውቀው መሣሪያ አያሻውም።

ቆዳን የሚያቃጥለው፣ ዓይንን የሚጎዳው፣ ለዓመታት ሲጠራቀምም ለቆዳ ካንሰር የሚዳርገው የፀሐይ ክፍል ግን ሌላ ነው፤ አልትራቫዮሌት ጨረር ይባላል። ዓይን አያየውም፣ ገላ ሙቀቱን አይለየውም። ጉዳቱም ወዲያው አይሰማም፤ ቆዳ የሚቀላው ከሰዓታት በኋላ ነው፣ ሕመሙም በአብዛኛው የሚብሰው በማግስቱ ነው። ስለዚህ በዚህች ደቂቃ ምን ያህል እያረፈብን እንደሆነ ሊነግረን የሚችለው ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ሴንሰር ነው። መሣሪያውን ለአንባቢ ለማስተዋወቅ ድሬዳዋን የመረጥኩት ሙቀትና ጨረር ምን ያህል የተለያዩ እንደሆኑ እዚህ ጥርት ብሎ ስለሚታይ ነው።

አንድ የሚያዝያ ቀን እንከተል። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል ገደማ፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ ደግሞ 42 ዲግሪ አካባቢ ላይ ናት። የሀገራችን ሰዓት የተሰፈረው በ45ኛው ዲግሪ ስለሆነ ፀሐይ እዚህ ከፍታዋ ጫፍ የምትደርሰው በአማካይ 6 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ገደማ ላይ ነው። የአልትራቫዮሌቱም ጣሪያ ያኔ ነው። የሙቀቱ ጣሪያ ዘግይቶ 9 ሰዓት አካባቢ ይመጣል፤ አየሩን የሚያሞቀው መሬቱ ነው፣ መሬቱም እስኪግል ጊዜ ይወስድበታል።

እንግዲህ ከረፋዱ 3 ሰዓት ከሩብንና ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ከሩብን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። በሁለቱም ሰዓት የፀሐይዋ ከፍታ እኩል ነው። ሰማዩ እኩል ከጠራ ቆዳ ላይ የሚያርፈው አልትራቫዮሌትም እኩል ነው፤ ከቀትሩ ጣሪያ ግማሹን አይሞላም። ነገር ግን 3 ሰዓት ከሩብ ላይ ቀፊራ ገበያ ደርቷል፣ አየሩም ገና ያስተነፍሳል፤ 9 ሰዓት ከሩብ ላይ ደግሞ ሰው ሁሉ ጥላ ጥላውን ይዟል። ከዚህም የሚያስገርመው፣ ገና ሙቀቱ ሳይከፋ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ያለው ጨረር ያን ሁሉ ሰው ቤት ካስገባው የ9 ሰዓት ከሩቡ ጨረር ሁለት እጥፍ ይጠጋል። በድሬ ሰው ዘንድ የሚፈራው ሰዓት ከሚመስለው ይልቅ ለቆዳ የቀለለ ነው። ማንም የማይፈራው፣ ሴቶች አትክልት ዘርግተው ልጅ አዝለው የሚቀመጡበት ረፋድ ነው የከበደው።

ከተማን ከከተማ ስናነጻጽርም ነገሩ ያው ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር፣ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ወደ ላይ በ1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር ከበላያችን ያለው አየር ስለሚሳሳ አልትራቫዮሌት ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል። ሁለቱ ከተሞች ከምድር ወገብ ያላቸው ርቀት ተቀራራቢ ስለሆነ፣ በጠራ ቀን ቀትር ላይ ሹራብ ደርቦ እንጦጦ የወጣ ሰው ላብ በላብ ሆኖ የደቻቱን ወንዝ ከሚሻገረው የድሬ ልጅ የበለጠ ጨረር ፊቱ ላይ ይቀበላል። የቆላው አቧራ ደግሞ ጥቂቱን ስለሚያስቀር ልዩነቱን ያሰፋዋል። ድሬዎች ለአዲስ አበባ እንግዳ «ፀሐይዋን ተጠንቀቅ» እንደሚሉት፣ ወደ ደጋ ለሚሄደው የራሳቸው ሰውም ያንኑ ሊሉት ይገባ ነበር።

ይህን ጨረር መጀመሪያ የደረሰበት ጀርመናዊው ዮሐን ቪልሄልም ሪተር ነው። በ1801 እ.ኤ.አ. የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ፣ ሲልቨር ክሎራይድ የተቀባ ወረቀት ከሐምራዊው ቀለም ወዲያ፣ ዓይን ምንም በማያይበት ቦታ ላይ አኖረ። ወረቀቱ በዚያ ቦታ ይበልጥ ጠቆረ። የመጀመሪያው የአልትራቫዮሌት ሴንሰር ያ ወረቀት ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬ ጨረሩን በሞገድ ርዝመቱ ሦስት ቦታ ይከፍሉታል። ከ315 እስከ 400 ናኖሜትር ያለው ኤ፣ ከ280 እስከ 315 ያለው ቢ፣ ከዚያ በታች ያለው ሲ ይባላል። ሲ የተባለውን ከባቢ አየር ውጦ ስለሚያስቀረው መሬት አይደርስም። ቢ የሚባለውን አብዛኛውን ኦዞን ያስቀረዋል፤ ኤ ግን ብዙም ሳይነካ ያልፋል።

ኦዞን ሲባል ወፍራም ጣሪያ የሚመስለው ሰው አለ። ከበላያችን ያለው ሁሉ ተሰብስቦ በባሕር ጠለል ግፊትና በዜሮ ዲግሪ ቢነጠፍ፣ በእኛ የሐሩር ክልል ሰማይ ላይ ውፍረቱ ሦስት ሚሊሜትር አይሞላም። የኦዞን መለኪያ አሃድ የተሰየመው በ1920ዎቹ ይህን ውፍረት ከመሬት ሆኖ የሚለካ መሣሪያ በሠራው እንግሊዛዊ ጎርደን ዶብሰን ነው። በሀገራችንም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ትምህርት ክፍል ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፀሐይን ብርሃን ተንትኖ በአየር ውስጥ ያለውን ኦዞንና ሌሎች ጋዞች የሚለይ ስፔክትሮሜትር አቋቁሞ ከጀርመን ተመራማሪዎች ጋር ሠርቶበታል። ያ ትልቅ መሣሪያ የሚነግረን ጨረሩን የሚያጣራልንን ነገር ነው። ተጣርቶ ያለፈውን ለመለካት ሌላ ዕቃ ያስፈልጋል።

የዚህ ዕቃ ችግር የሚጀምረው ከቆዳ ጠባይ ነው። ቆዳ ለሁሉም የሞገድ ርዝመት እኩል አይቃጠልም። ብሪታንያውያኑ ማኪንሌይና ዲፊ የተለያዩ የቆዳ ሙከራዎችን አሰባስበው ያወጡትን የቆዳ መቅላት ሠንጠረዥ ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን በ1987 እ.ኤ.አ. መለኪያው አድርጎ ተቀበለው። በዚያ ሠንጠረዥ መሠረት የ298 ናኖሜትር ጨረር ጉልበት አንድ ከተባለ፣ 320 ላይ ያለው ከመቶ አንድ አይሞላም፤ 340 ላይ ያለው ከሺህ አንድ ብቻ ነው። መሬት ላይ ከሚደርሰው አልትራቫዮሌት ደግሞ 95 በመቶ ገደማው ኤ ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ቃጠሎ የሚያደርሰው ያ በቁጥር እዚህ ግባ የማይባለው ቢ ነው። እውነተኛ መለኪያ የሚባለው እንደ ቆዳ አድልቶ የሚመዝን፣ ለ298 ሙሉ ግምት ሰጥቶ ለ340 ከሺህ አንዱን ብቻ የሚቆጥር ነው።

በዚህ ሚዛን የተገኘው ኃይል በካሬ ሜትር በዋት ተለክቶ በ40 ሲባዛ ዩቪ ኢንዴክስ የሚባለውን ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩን ያስጀመረችው ካናዳ ናት፣ በ1992 እ.ኤ.አ.፤ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ከሌሎች ጋር ሆነው ለዓለም ሁሉ አንድ ወጥ አደረጉት። ከ0 እስከ 2 ዝቅተኛ፣ 3 እና ከዚያ በላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው፣ ከ8 እስከ 10 በጣም ከፍተኛ፣ 11ና ከዚያ በላይ ደግሞ እጅግ የከፋው ነው። ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ አናት ላይ ትቆማለች፤ በሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት መጨረሻ ላይና በነሐሴ 22 ገደማ። በእነዚህ ወቅቶች ሰማዩ ከጠራ የቀትሩ ኢንዴክስ 11ን ያልፋል። በታኅሣሥ እንኳ ቀትር ላይ ፀሐይዋ ከአድማስ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ስለምትል ቁጥሩ ቢቀንስም ከፍተኛ እንደሆነ ይቆያል። ነሐሴ ደመናማ ስለሆነ የሚዘናጋ አለ። ስስ ደመና አልትራቫዮሌትን እምብዛም አያግደውም፤ በተሰነጣጠቀ ደመና መካከል ፀሐይ ብቅ ስትል እንዲያውም ከደመናው ጠርዝ የሚንጸባረቀው ተደምሮ ቁጥሩ ለአፍታ ከጠራ ቀን ሊበልጥ ይችላል።

ቁጥሩ ወደ ቆዳ ሲመነዘር ምን ማለት ነው? ኢንዴክሱ 12 ከሆነ በካሬ ሜትር 0.3 ዋት ማለት ነው። ቆዳን የሚያጠቁረው ሜላኒን የሌለው ወይም በጣም ያነሰው ቆዳ እንዲቀላ በካሬ ሜትር 200 ጁል ገደማ ይበቃዋል። ይህ በ11 ደቂቃ ውስጥ ይሞላል። ከቤት ወጥቶ ታክሲ ለመያዝ የሚወስደው ጊዜ ነው። የጠቆረ ቆዳ በርካታ እጥፍ ይታገሣል፤ ካይድቤይና ባልደረቦቹ በ1979 እ.ኤ.አ. ባደረጉት ጥናት የጥቁር ሰው የላይኛው ቆዳ ካረፈበት ቢ ጨረር ውስጥ የሚያሳልፈው 7.4 በመቶውን ሲሆን የነጭ ሰው ግን 24 በመቶ ያህሉን ያሳልፋል።

አሁን ወደ መሣሪያው ሆድ እንግባ። የሴንሰሩ ሥራ ከባድ የሚሆነው በፀሐይ ብርሃን ውስጥ የቢ ጨረር ድርሻ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ነው፤ በቀፊራ ሁካታ መሃል የአንድ ሰው ሹክሹክታ እንደ መስማት ነው። ከሚታየው ብርሃን ጥቂት እንኳ ሾልኮ ከገባ የቢውን ድምፅ ይውጠዋል። ለዚህ ችግር የመጀመሪያውን ብልሃት ያገኘው በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ የቆዳ ካንሰር መብዛት ያሳሰበው ዶናልድ ሮበርትሰን ነው፤ አሜሪካዊው ዳንኤል በርገር አሻሻለውና መሣሪያው በሁለቱ ስም ሮበርትሰን-በርገር ተባለ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በብዙ ቦታ ተተከለ።

አሠራሩ ደስ ይላል። ብርሃኑ መጀመሪያ ለዓይን ጥቁር በሆነ፣ አልትራቫዮሌትን ግን በሚያሳልፍ መስታወት ውስጥ ያልፋል። ያለፈው ማግኒዚየም ተንግስቴት የተባለ ዱቄት ላይ ያርፋል። ይህ ዱቄት አጭር ሞገድ ያለው አልትራቫዮሌት ሲነካው በራሱ ብርሃን ያበራል፤ ሞገዱ ሲረዝም ግን ይደክማል፣ ቆዳም እንደዚያው ነው። ዱቄቱ የሚሰጠው ብርሃን በአረንጓዴ መስታወት ተጣርቶ ወደ ተራ የብርሃን ቆጣሪ ይገባል፤ ከውጭ ሾልኮ የመጣ ቀይ ብርሃን ካለ አረንጓዴው ያስቀረዋል። የማይታየውን ጨረር ወደሚታይ ብርሃን ለውጦ መቁጠር ማለት ነው። ዛሬም ድረስ ብዙ ጣቢያዎች የሚጠቀሙት የዚህን መሣሪያ ልጆች ነው።

አዲሱ መንገድ የሚሄደው በፎቶዳዮድ ነው። ብርሃን ሲያርፍበት ጥቂት የኤሌክትሪክ ጅረት የሚያመነጭ ፍርፋሪ ማለት ነው። በየካሜራውና በየሶላሩ ያለው ሲሊከን በ1.1 ኤሌክትሮን ቮልት ኃይል ስለሚነቃ ለሚታየው ብርሃን ሁሉ ይጮሃል፤ አልትራቫዮሌትን ለብቻ ለመለየት በማጣሪያ ላይ ማጣሪያ መደራረብ ይጠይቃል። ሲሊከን ካርባይድ ግን የሚነቃው በ3.2 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው። የሚታየው ብርሃን ዳር፣ የ400 ናኖሜትሩ፣ 3.1 ብቻ ስለሆነ ሲሊከን ካርባይድ ለሚታየው ብርሃን ዕውር ነው ማለት ይቻላል። ከላዩ ላይ የቆዳውን ሠንጠረዥ የሚመስል ማጣሪያ ሲደረግበት ጥሩ ሴንሰር ይወጣዋል። ሙቀትና የጨረሩ ራሱ ድብደባ ቶሎ የማያረጁት መሆኑ እንደ ድሬ ላለ ቦታ ትልቅ ነገር ነው። ጋሊየም ናይትራይድና ከአሉሚኒየም ጋር የተቀላቀለው ዘመዱም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ።

ከፍርፋሪው በላይ የምትታየው ነጭ ጉልላት ለውበት የተቀመጠች አይደለችም። አልትራቫዮሌት በአየር ውስጥ ክፉኛ ስለሚበተን ከግማሽ የማያንሰው ቢ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከፀሐይዋ ክብ ሳይሆን ከሰማዩ ሁሉ ነው። ስለዚህ ሴንሰሩ ከአድማስ እስከ አድማስ ያለውን ሁሉ፣ ከጎን የሚመጣውንም በትክክለኛ ድርሻው መሰብሰብ አለበት፤ ያን የምታደርገው የቴፍሎን ወይም የኳርትዝ ጉልላቷ ናት። ተራ መስታወት ቢን ስለሚያግድ ለዚህ አይሆንም። የርካሽ ሴንሰር አንዱ ድክመት እዚህ ነው፤ ፊቱን ወደ ፀሐይ ስታዞረው አንድ ቁጥር፣ ዘመም ስታደርገው ሌላ ቁጥር ይሰጣል።

የዱቄቱ መሣሪያ ደግሞ ሙቀት ያሳስተዋል። ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ሣጥን በድሬ ግንቦት ውስጡ ከውጭው አየር በጣም ይግላል፤ የዱቄቱም ብርሃን የመስጠት አቅም ከሙቀቱ ጋር ይዋዥቃል። ጥሩ መሣሪያዎች በውስጣቸው ማሞቂያ ይዘው፣ አንዳንዶቹ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ፣ ዓመቱን ሙሉ ሙቀታቸውን ሳይለዋውጡ ይቆያሉ። በየቀኑ የሚያስፈልገው ሥራ ከዚህ ሁሉ ቀላል ነው፤ ጉልላቷን በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ። የድሬ አቧራ በሁለት ቀን ሽፋን ይሠራል፣ ያን ሽፋን መሣሪያው እንደ ጥሩ ኦዞን ይቆጥረዋል። ከዚያም በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ከታመነ መሣሪያ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል፤ የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ለዚህ የመደበው ማዕከል በስዊዘርላንድ ዳቮስ ይገኛል። ያልተመሳከረ ሴንሰር ቁጥር ይሰጣል እንጂ መለኪያ አይባልም።

በሀገራችን ዋና ዋና የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች ካምቤል-ስቶክስ የሚባል የብርጭቆ ኳስ ይታያል። ፀሐይ በኳሱ ተሰብስባ ወረቀት ላይ መስመር ታቃጥላለች፣ ከመስመሩ ርዝመት የፀሐይ ሰዓት ይቆጠራል። ያማረ ዕቃ ነው፤ ግን ሙቀትን እንጂ አልትራቫዮሌትን አይለይም። እጃችን ላይ ያለው ስልክ የሚያሳየው ዩቪ ኢንዴክስም ልኬት አይደለም። ሳተላይት ካየው ኦዞን፣ ከፀሐይዋ ከፍታና ከደመና ትንበያ የተሰላ ግምት ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ሳምሰንግ ጋላክሲ ኖት 4 በጀርባው እውነተኛ የአልትራቫዮሌት ሴንሰር ነበረው፤ ልማዱ ግን አልቀጠለም።

ለዩኒቨርሲቲ ተማሪና ኤሌክትሮኒክስ ለሚወድ ሰው በርካሽ የሚገኙት እንደ ኤም ኤል 8511 እና ጉቫ ኤስ 12 ኤስ ዲ ያሉ ትንንሽ ሴንሰሮች ናቸው። አርዱዊኖ ከተባለ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ጋር ተያይዘው ቁጥር ይሰጣሉ። በአብዛኛው የሚሰሙት ኤን ስለሆነ «ኢንዴክሱ 12 ነው» ብሎ ለመናገር አይታመኑም። ጥላን ከፀሐይ፣ ረፋድን ከቀትር፣ ጨርቅን ከጨርቅ ለማነጻጸር ግን ብዙ ያስተምራሉ። ኤ ለሚያደርሰው ጉዳትም፣ ለቆዳ መሸብሸብና መጥቆር፣ ምስክር ናቸው። ሰው ቀኑን ሙሉ ልብሱ ላይ አድርጎት የሚውል፣ ጨረር ሲመታው አልትራቫዮሌት የማሳለፍ አቅሙ የሚቀንስ የፖሊሰልፎን ፊልምም አለ፤ የቀን ሠራተኛ ምን ያህል እንደተቀበለ ማታ ይነበባል።

ትንሹን ሴንሰር ይዘን ከተማዋን ብንዞር ምን ይነግረናል? ከዚራ እንጀምር። እዚያ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቀይ አበባ የሚያወጣው ትልቅ ዛፍ በብዙ የሀገራችን ክፍል የድሬዳዋ ዛፍ ተብሎ ይጠራል። ቅርንጫፎቹ በተጋጠሙበት ቦታ ቁጥሩ ክፉኛ ይወርዳል። ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር ግን ሰውዬው ሙሉ በሙሉ ጥላ ውስጥ ሆኖ፣ ብርድም ተሰምቶት፣ ከጎን ከሚታየው ሰፊ ሰማይ የተበተነው ጨረር ይደርሰዋል። ስለ ጥላ ጥራት መጠየቅ ያለበት «ፀሐይዋን አያለሁ ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ስንት ሰማይ ይታየኛል?» የሚለው ነው። ጃንጥላም እንደዚሁ ነው፤ ጥቁር ጃንጥላ ከላይ የሚመጣውን አብዛኛውን ያግዳል፣ ከጎን ለሚመጣው ግን አይደርስም።

ወደ ደቻቱ እንውረድ። ወንዙ ሲደርቅ አልጋው የነጣ አሸዋ ነው፣ ሰውም በዚያው ያቋርጣል። ደረቅ አሸዋ ካረፈበት አልትራቫዮሌት 15 በመቶ ያህሉን መልሶ ወደ ላይ ይልካል፤ አፈርና ሣር ከ10 በመቶ በታች ነው የሚመልሱት። ኮፍያ ያደረገ ሰው አገጩና የዓይኑ ቆብ ከታች ይመታል። ባጃጅ ውስጥ ብንገባ የፊት መስታወቱ ቢውን ያስቀራል፣ በተከፈተው ጎን የሚወጣው የሾፌሩ ክንድ ግን ቀኑን ሙሉ ደጅ ነው። ነጠላ አንድ እጥፍ ተደርጎ ሴንሰሩ ላይ ሲጣል በድሩና በማጉ መካከል ብዙ ይሾልካል፤ በጥብቅ የተሸመነ ወይም የተደራረበ፣ ጠቆር ያለ ጨርቅ ያግዳል። ጨርቅ በላብ ሲርስ የበለጠ ማሳለፉን ብዙ ሰው አይጠረጥርም።

እኔ በጣም እንዲደረግ የምመኘው ሌላ ሙከራ አለ። በድሬና በአካባቢው ያሉ የሶማሌ ሴቶች የቁርቁራ ዘመድ ከሆነ ዛፍ ቅጠል የሚዘጋጀውን ቀሲል ፊታቸው ላይ ቀብተው ይውላሉ። ቆዳ ማጽጃና ማስዋቢያ ነው፤ ከፀሐይም ይጠብቃል የሚሉ አሉ። ይህን ማረጋገጥ ከባድ አይደለም። የክሬም ፋብሪካዎች እንደሚያደርጉት አልትራቫዮሌትን የሚያሳልፍ ቀጭን ሰሌዳ ላይ እኩል ተቀብቶ፣ ሴንሰሩ ከሥር ሆኖ፣ ከመቀባቱ በፊትና በኋላ ያለፈውን ማነጻጸር ነው። ሲደርቅ፣ ሲሰነጣጠቅ፣ ላብ ሲያጥበው ምን እንደሚሆንም እዚያው ይታያል። ለአንድ የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ሥራ የሚበቃ፣ መልሱም ገበያ መሃል ለተቀመጠች እናት የሚጠቅም ጥያቄ ነው።

«እኛ ጥቁሮች ነን፣ ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ለቆዳ ካንሰር ይህ አባባል ትልቅ እውነት አለው። ለዓይን ግን አይሠራም፤ የዓይን ሌንስ በሜላኒን አይሸፈንም። ከ2005 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. የተካሄደው ብሔራዊ የዓይን ጥናት ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከዚህም ግማሽ ያህሉ በሞራ ግርዶሽ ምክንያት መሆኑን አሳይቷል። ሞራ ብዙ መንስኤ አለው፣ ከእነዚያ አንዱ በዕድሜ ልክ የተጠራቀመ አልትራቫዮሌት ነው። በሌላ በኩል ሕፃን ፀሐይ ማሞቅ የሚለው የእናቶቻችን ልማድ ትክክል ነው፤ ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ያው ቢ ጨረር ስለሆነ፣ ተሸፋፍነው የሚያድጉ ልጆች አጥንታቸው ሊለሰልስ ይችላል። ጨረሩን መለካት የሚያስፈልገው ሰውን ከደጅ ለማስቀረት አይደለም፤ ደጅ የሚወጣበትን ሰዓት ለማወቅ ነው።

ይህ መሣሪያ ከማንም በላይ የሚያስፈልጋቸው ግን ቆዳቸው ሜላኒን የሌለው ወይም በጣም ያነሰው፣ አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ናቸው። ለእነሱ ያ 11 ደቂቃ ስሌት ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሰኔ 6 ቀን፣ በፈረንጆቹ ጁን 13፣ የአልቢኒዝም ግንዛቤ ቀን ሆኖ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲከበር አድርጓል። በታንዛኒያ ሞሺ ከተማ የሚገኘው የቆዳ ሕክምና ማሰልጠኛ ማዕከል ኪሊሰን የተባለ መከላከያ ክሬም ለእነሱ ታስቦ እዚያው እንዲመረት አድርጓል። ክሬሙ ውድ በሆነበት ቦታ ግን ሰዓትና ጥላ ቀዳሚ መድኃኒት ናቸው። ሰዓት ባልነበረበት ዘመን አባቶቻችን ጥላቸውን በጫማ እየለኩ ቀኑን ይከፍሉት ነበር። ያው ጥላ ዛሬም ያገለግላል፤ ጥላህ ከቁመትህ ካጠረ ፀሐይዋ ከ45 ዲግሪ በላይ ናት፣ ጨረሩም ብርቱ ነው። በድሬ ሚያዝያ ይህ ከ3 ሰዓት ከሩብ እስከ 9 ሰዓት ከሩብ ገደማ ይቆያል።

ጥላ የማይነግረውን ሴንሰሩ ይጨምራል። አንድ ትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ ተተክሎ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ በየአሥር ደቂቃው ቢመዘግብ፣ በሚያዝያ የጠራ ቀን 2 ሰዓት ላይ ያለው ቁጥር 2 አካባቢ፣ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ያለው ደግሞ ከ10 የማያንስ ሆኖ ይገኛል፤ የፀሐይዋ ከፍታ የሚሰጠው ስሌት ይህን ነው። ርዕሰ መምህሩ የስፖርት ክፍለ ጊዜውን ከ4 ሰዓት ተኩል ወደ 2 ሰዓት ቢያመጣው ሜዳ ላይ ያለችው አልቢኒዝም ያለባት ተማሪ የምትቀበለው ጨረር ከአምስት አንድ ይሆናል።